ኖራው እስኪደርቅ

በሦስተኛው ወር፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን

ለተከበሩ መምህር ፉ ጂንግዩዋን፤
ቤጂንግ

ይህን ደብዳቤ መጻፌ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ እንደገና ጀመርኩት። ባለፈው ዓመት ሰፈራችንን ሊያድሱ ሲመጡ አድራሻዎ የተጻፈበትና ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ለየቤቱ አድለው፣ «የሚያስፈልጋችሁ ነገር ሲኖር ለእኔ ጻፉልኝ፤ ቤቱ የእናንተ ነው፣ እኔ ጠጋኝ ነኝ» ብለውን ነበር። ያን ቀን ከሩዝ ማሰሮው ኋላ ቆማ የነበረችው ልጅ እኔ ነኝ። ስሜን ሲጠይቁኝ አክስቴ ሜይ መለሰችልኝ። ሱዪን እባላለሁ፤ ከሊየን ቤት። ትምህርት ያቆምኩት በጊዜ ስለሆነ እጅ ጽሑፌን ይቅር ይበሉኝ።

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ሰፈሩ እስኪታደስ ብለን ከወጣን ወዲህ ከወንዙ ማዶ ባለው ፎቅ ላይ ነን። ሊፍቱ ይሠራል። ውሃውም አይቋረጥም። እናመሰግናለን።

የጻፍኩት ስለ አያቴ ነው። አያቴ ታሟል። ሐኪሙ «ወደ ቤት ውሰዱት» አለን፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። እርስዎ የሰሜን ሰው ስለሆኑ የእኛን ደንብ ላያውቁት ይችላሉ። በእኛ ዘንድ ሰው ሊሞት ሲል አልጋው ከጓዳ ወጥቶ በቤቱ አዳራሽ፣ የቅድመ አያቶቹ ስም በተጻፈበት ሰሌዳ ፊት ይነጠፍለታል። የሚሞተውም እዚያ ነው። ከቤቱ ውጭ የሞተ ሰው ሬሳው እንኳ ደፉን አያልፍም፤ ነፍሱም ደጅ ለደጅ ስትንከራተት ትቀራለች ይባላል። አያቴ ሞትን አይፈራም። የሚፈራው ይህን ነው። ከፎቁ ከገባን ጀምሮ አዲስ የጨርቅ ጫማ ገዝቶ ከአልጋው ሥር አስቀምጧል። «ወደ አዳራሼ የምገባው በዚህ ነው» ይላል። አንድ ቀን እንኳ አልተጫማውም።

ወደ ዘበኛው ወደ ጋሽ ሹዪ ሄጄ ነበር። «ልጄ፣ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው፤ ትእዛዙ ግን ቤጂንግ ነው። መምህር ፉ አንድ ቃል ይጻፉልኝ እንጂ አያትሽን እኔው ራሴ በጀርባዬ አዝዬ አስገባቸዋለሁ» አለኝ።

ያችን አንድ ቃል ይጻፉልን። አልጋውን ይዘን እንገባለን፤ ምንም ነገር አንነካም። ደብዳቤውን የላክሁት በፈጣን ፖስታ ነው። መልሱንም እንደዚያው ቢልኩልን።

ታናሽዎ፣
ሊየን ሱዪን


በሦስተኛው ወር፣ በዐሥራ ስምንተኛው ቀን

ለልጄ ለሱዪን፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እጅ ጽሑፍሽ ይቅርታ የሚያስጠይቅ አይደለም። አያትሽ መታመማቸውን ስሰማ አዝኛለሁ። ጥያቄሽንም እንደ ቀላል ነገር አላየሁትም፤ ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቻለሁ።

የአዳራሹ ወለል የፈሰሰው በቅርቡ ነው። ሲሚንቶ የሚባል ነገር የለበትም። የባሕር ዛጎል ተቃጥሎ የወጣ ኖራ፣ ቀይ አፈርና የሩዝ አጥሚት ነው፤ የእናንተው ቅድመ አያቶች የሠሩት ዓይነት። እንዲህ ያለ ወለል ሳይጠጥር እግር ከረገጠው ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ደግሞ ከሥሩ ተቆፍሮ መውጣት አለበት።

ወጣት ሳለሁ በአንድ የወንዝ ዳር ሰፈር ላይ ስሠራ አለቆቼ «ለበዓሉ ይድረስ» ብለው ሁሉንም በሲሚንቶ አስለበጡት። ክረምት ሲደጋገምበት ግድግዳው አላበው፣ እንጨቱ በሰበሰ፣ በመጨረሻም ሰፈሩ በሙሉ ፈርሶ ሕንጻ ተተከለበት። ሰዎቹም ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ከተሞች ሁሉ አንድ ሕግ አለኝ፦ አሮጌ ቤት አይቸኮልም። ሹመት ያሳጣኝም ሽልማት ያመጣልኝም ይኸው ሕግ ነው። ለአንድ ሰው ብዬ ብጥሰው ነገ ለከንቲባው፣ ከነገ ወዲያ ለባለ ሆቴሉ እጥሰዋለሁ።

ስለዚህ ዐሥር ቀን ታገሡኝ። አያትሽን ሳገኛቸው ከእኔ ይልቅ ጠንካራ ሆነው ነው ያየኋቸው። ይጠብቁኛል ብዬ አምናለሁ። ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከጉድጓዱ ውሃ ተነሥቶ እስከ ደጃችሁ የሚደርሰው ጠባብ መንገድ በማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። እናንተ በቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ? በመግቢያው ላይ ድንጋይ አስቀርጬ ስሙን ልመልስለት አስቤያለሁ።

ፉ ጂንግዩዋን


በሦስተኛው ወር፣ በሃያ ሁለተኛው ቀን
ያልተላከ

መምህር ፉ፤

ይሄኛውን አልልከውም። ባልጽፈው ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደብዳቤዎ ሲደርስ ማቅ ለብሰን ነበር። ፖስተኛው የሰዉን ብዛት አይቶ «ሠርግ ነው?» አለ። ከዚያ ልብሳችንን አየና ፖስታውን መሬት ላይ ትቶ ሄደ።

አያቴ የሞተው ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ነው። ሌላ ሰፊ ቦታ አልነበረንም። «በሩ ተከፈተ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እየከፈቱት ነው» አልኩት። «ታዲያ ጫማዬን አምጪልኛ» አለኝ። እግሩ አብጦ ስለነበር አልገባለትም። ገፋሁ፣ ገፋሁ። «ተዪው፣ ስደርስ ይገባል» አለኝ።

ሬሳውን ልናወርድ ስንል ከታች ፎቅ ያለች ሴት በሊፍቱ በር ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። «ኀዘናችሁ ይገባኛል፤ ግን ሊፍቱ የሕያዋን ነው። ልጆች ይፈራሉ» አለች። አክስቴ ሜይ ማልቀሷን አቋርጣ «አንቺ ስትሞቺ በመስኮት ያውርዱሽ!» አለቻት። ከዚያ በደረጃው አወረድነው። ድንኳኑን የተከልነው ሞተር ብስክሌት በሚቆምበት ቦታ ነው። የራሱ ቤት ከወንዙ ማዶ ይታይ ነበር፤ ጣራው፣ እንደ ወፍ ጅራት የተቀሰረው ጫፉ፣ ሁሉ። ወለሉ እየደረቀ ነበር።

አያቴ ለወለል ሞተ ብዬ ለማን ልንገር?

እርስዎ «አሮጌ ቤት አይቸኮልም» አሉ። ቂምም አይቸኮልም፤ ከእርስዎ ተማርኩ። መሞቱን አልነግርዎትም። ቢያውቁ ያዝናሉ፣ ያማረ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ በዚያው ይገላገላሉ። አይገላገሉም።

ስም ጠየቁኝ አይደል? መንገዱ ስም የለውም። ሁላችንም «መንገዱ» ነው የምንለው። ስም ግን አገኘሁለት። «ታው ጹ» ብዬ እጽፍልዎታለሁ። በጽሑፍ ሲያዩት «ራስ ቤት» ማለት ነው፤ ከሰፈሩ ቤቶች የመጀመሪያው። ያምራል። ቤጂንግ ያለ ምሁር ሁሉ ያጨበጭብለታል። በእኛ አፍ ግን «ራስ» የሚለውና «መስረቅ» የሚለው ቃል ለየብቻ ሲነገሩ ይለያያሉ እንጂ «ቤት» ሲከተላቸው የሁለቱም ድምፅ ወርዶ አንድ ይሆናል። የእኛ አገር ሰው ጆሮ የሚሰማው ሌላ ነው። የሚሰማው «ቤት ስርቆሽ» ነው።

በድንጋይ ያስቀርጹት። በትልቁ። ስምዎንም ከሥሩ ያስጽፉ።


በሦስተኛው ወር፣ በሃያ ሦስተኛው ቀን

ለተከበሩ መምህር ፉ፤

ደብዳቤዎ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ሳለ ደረሰ። የዘገየሁት በዚያ ምክንያት ነው፤ ይቅርታ። ስለ ወለሉ ያሉት ገብቶናል። አሁን በእኛ በኩል ምንም የሚያስቸኩል ነገር የለም።

መንገዱን ታው ጹ እንለዋለን፤ ራስ ቤት ማለት ነው። ሌላ ስም አልሰማሁም።

ሊየን ሱዪን


በአራተኛው ወር፣ በስድስተኛው ቀን

ለልጄ ለሱዪን፤

ራስ ቤት! ሠራተኞቼን ሰብስቤ ነው ያነበብኩላቸው። እንዳንቺ ያለ ሰው በየከተማው ባገኝ ኖሮ ሥራዬ ግማሽ በሆነልኝ ነበር። ብዙ ሰፈር አድሻለሁ። የምቆጨው ግን በፈረሰው ግንብ አይደለም፤ በጠፋው ስም ነው። ግንብ በኖራ ይጠገናል፤ ስም የሚጠገነው በሰው አፍ ብቻ ነው። ይህን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎቼ በደብተራቸው ይጽፉታል፤ አንቺ ግን ኖረሽበታል።

ሌላ የምሥራች አለኝ። ወለሉ ደርቋል። ጥፍር የማያስገባ ሆኗል። ለአያትሽ ንገሪያቸው፤ በሩ ከዛሬ ጀምሮ ክፍት ነው። ዘበኛውን በረዳቴ በኩል «መጡ ወይ?» ብዬ ባስጠይቀው «አልመጡም» አለ። ለምን? ተሻላቸው እንዴ? ከተሻላቸው እሰየው። ለማንኛውም እሳቸው ሳይረግጡት ሌላ ሰው እንዳይረግጠው አዝዣለሁ። ሠራተኞቹ በሳንቃ ላይ ነው የሚተላለፉት።

ስሙን እሳቸው እንዴት ነው የሚጠሩት? ጠይቀሽ ጻፊልኝ። እንደ ሰሜን ሰው አፌን አጣምሜ ልናገረው አልፈልግም።

ፉ ጂንግዩዋን


በአራተኛው ወር፣ በዐሥራ አንደኛው ቀን

ለተከበሩ መምህር ፉ፤

ስለ ሰላምታዎ እናመሰግናለን። አያቴ አሁን ብዙ አይናገርም። ስሙንም አልተቃወመም።

ሲነገር ታው ጹ ነው። «ታው» ሲሉ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉት፤ «ጹ» ላይ ቁርጥ ያድርጉት። ድምፅዎን ከፍ ካደረጉ ያበላሹታል።

ሊየን ሱዪን


በአምስተኛው ወር፣ በዘጠነኛው ቀን
ያልተላከ

መምህር ፉ፤

ዛሬ ረዳትዎ መጣ፤ ያ መነጽራሙ። ከጉድጓዱ አጠገብ ሽማግሌዎቹ ሻይ በሚጠጡበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘረጋ። እኔ አክስቴ ሜይ እዚያው የምትሸጠውን የዓሣ ድቡልቡል እየጠቀለልኩ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«አባቶች፣ ይህ መንገድ ታው ጹ ነው አይደል የሚባለው?» አላቸው።

ጋሽ ሹዪ የተጎነጨው ሻይ በአፍንጫው ወጣ።

«ምነው ጋሼ?» አለ ረዳትዎ።

«ትኩስ ነው» አለ ጋሽ ሹዪ።

ሽማግሌው ኳንግ ስኒውን አስቀምጦ ጢሙን አሸት አሸት አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። እኔ አቀረቀርኩ። «እንዴታ!» አለ። «ታው ጹ ነዋ! አባቴም እንዲሁ ይለው ነበር። የመንግሥት ሰው የመጣ ቀን ደግሞ ጮክ ብሎ ነበር የሚለው።»

«ድንጋዩ ላይ በትልቁ ይጻፍ ወይስ...»

«በትልቁ! የእኔ ዓይን ደክሟል፤ ከአውቶቡስ ላይ ሆኜ ላንብበው።»

ረዳትዎ አመስግኖ ሄደ። ሳቁ የተለቀቀው ጥጉን ሲታጠፍ ነው። ሽማግሌው ኳንግ እንባውን እየጠረገ «አንቺ ድመት፣ ዝም ስትዪ ምላስ የሌለሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ለአያትሽ ነው?» አለኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። «እንግዲያው ከእኛ አይወጣም» አለ። ጋሽ ሹዪም ጨመረ፦ «እኔም 'አልመጡም' ብቻ ነው ያልኩት። ውሸት ነው? አልመጡም።»

ያልሳቀችው አክስቴ ሜይ ብቻ ናት። «ሰፈሩ ሁሉ ቁልፉን ተቀብሏል፤ ወለሉን አያትሽ እስኪረግጠው ተብሎ የቀረነው እኛ ነን» አለችኝ። «የቤታችንን ቁልፍ የሚያስረክቡት በምረቃው ቀን ነው። ሰውየውን አዋርደሽ ቁልፉን ብንነጠቅ አያትሽ የት ሊገባ ነው? በደጅ እንደቆመ ሊቀር ነው?»

ድቡልቡሉን መጠቅለሌን ቀጠልኩ። ግን ስሙን መልሼ አልወስደውም። ቀን ቀን ዓሣ ስጠቀልል የማስበው ስለ ምረቃው ነው፤ እርስዎ በክብር ልብስዎ ቆመው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ በሕዝብ ፊት ራስዎን ሌባ ብለው ሲጠሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እርስዎ ደግሞ መርሳት አያስፈልግዎትም፤ አያውቁትም።


በስምንተኛው ወር፣ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን
በከተማችሁ እንግዳ ማረፊያ

ለልጄ ለሱዪን፤

ይህን የምጽፍልሽ ከወንዙ ወዲህ ሆኜ ነው፤ ረዳቴ ያደርስልሻል። ለምረቃው መጥቻለሁ።

ከባቡር ጣቢያው ታክሲ ያዝኩ። ወዴት እንደምሄድ ሹፌሩ ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ፤ ለዚህ ቀን ስለማመድ ነው የከረምኩት። ልክ እንዳስተማርሽኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ታው ጹ» አልኩት። ዞሮ አየኝ። ደገምኩለት። መኪናውን ዳር አስያዘና ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ሳቀ። «አባቴ፣ የማንን ቤት ነው የሰረቁት?» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ አስረዳኝ። ደግ ሰው ነው፤ ሒሳብ አልቀበልም ብሎኝ ነበር።

ረዳቴ ድንጋዩን በጨርቅ እንሸፍነው አለኝ። ለእድሳት ሥራ ሽልማት ከሚሰጥ ማኅበር የመጡ እንግዶች አሉ፤ ጋዜጠኞችም አሉ። እንዳይነካ ብዬ ከለከልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ «የሰፈር ስም የሚያወጣው ሰፈሩ ነው» ብዬ ሳስተምር ኖሬ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ልሰርዘው አልችልም። ሰፈር ደግሞ ያለ ምክንያት ስም አያወጣም።

ይህ የመጨረሻ ሥራዬ ነው። ለማንም ገና አልነገርኩም፤ ዓይኔ መስመር መለየት አቁሟል፤ ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው በግምት ነው። ስለዚህ የምሳሳትበት ሌላ ሰፈር አይኖረኝም፣ የማርምበትም እንዲሁ። እና እጠይቅሻለሁ፤ የሰረቅኩት የማንን ቤት ነው? ዘበኛውን ጠየቅኩት፤ «ልጅቷን ይጠይቁ» ብሎኝ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ሻይ ቀዱልኝ እንጂ አልመለሱልኝም።

በደብዳቤ አትመልሺልኝ። በምረቃው ላይ ስሙን በድምፅ ማጉያው ለሕዝብ የምታሰሚው አንቺ እንድትሆኚ ወስኛለሁ፤ ያኔ ንገሪኝ። የቤታችሁ ቁልፍ የእናንተ ነው፤ ስምሽ ተጽፎበት ተቀምጧል። ማንም አይነካውም፤ ምንም ብትዪ።

በአዳራሹ መካከል ለአያትሽ ወንበር አስቀምጫለሁ። ወለሉን እስካሁን ማንም አልረገጠውም። አንቺ ካፈርሽ እሳቸው ይንገሩኝ፤ ፊት ለፊት።

ፉ ጂንግዩዋን


በስምንተኛው ወር፣ በዐሥራ አራተኛው ቀን

መምህር ፉ፤

በደብዳቤ አትመልሺልኝ ስላሉ ይሄም አይላክም።

ደብዳቤዎን ሳነብ የተሰማኝ ደስታ አይደለም። ንዴት ነው። ያንን ስም ወራት ሙሉ እንደ ቢላ ስስለው ነበር። እርስዎ ግን ስለቱን በባዶ እጅዎ ያዙት። ስድቤን እንኳ ወሰዱብኝ። አሁን ሕዝቡ ሲስቅ እርስዎም አብረው ይስቃሉ፤ ትልቅ ሰው ይባላሉ። ለዚህም ነው ይበልጥ የጠላሁዎት።

ከዚያ ስለ ወንበሩ ከጻፉት ላይ ደረስኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ማንም ያልረገጠው ወለል፣ መሐሉ ላይ ባዶ ወንበር። ለሞተ ሰው ወንበር እንዳስቀመጡ አላወቁም። እኔ ነኝ ያላሳወቅኩዎት። ያን ያህል እንዲያከብሩት ያደረግኩት እኔው መሆኔን ሳስብ ቂሜ አፌ ውስጥ አመድ አመድ አለኝ። ግን አልዋጥኩትም።

ለአክስቴ ሜይ አነበብኩላት። እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ቁልፉን ሰጡን ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ምንም ብትናገሪ?» አዎ አልኳት። ተነሥታ ከአልጋው ሥር የአያቴን ጫማ አወጣችና አቧራውን እፍ ብላ አራገፈችው። «እንግዲያው ሰው ፊት ስትቆሚ እንደ ልማድሽ ጉሮሮሽ ውስጥ አትናገሪ» አለችኝ።

በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። የዓሣ ዋጋ እንኳ ስጠየቅ በጣቴ ነው የማሳየው። ይህን እርስዎም አይተዋል።

ነገ ግን ከሁሉ በፊት ከበሩ እደርሳለሁ። ከደፉ ላይ ቆሜ፣ በውጭ የቀረች ነፍስ በሚጠራበት ደንባችን፣ «አያቴ፣ በሩ ተከፍቷል፤ እግርህን አንሣ፣ ተሻገር» እላለሁ። ጫማውን በሁለት እጄ ይዤ በዚያ ወለል ላይ እሄዳለሁ፤ ወንበሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ አፍንጫውን ወደ እርስዎ አዙሬ። እርስዎ ዓይንዎ ደክሟልና ምን እንደሆነ ላያዩት ይችላሉ። በእጅዎ እንዲዳስሱት አደርጋለሁ፤ ሶሉ አዲስ መሆኑን፣ ማንም እንዳልተጫማው። ከዚያ ወደ ድምፅ ማጉያው እሄዳለሁ። «ታው» ስል ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ሕዝቡ ይሳቅ፤ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ጸጥ ሲል የማንን ቤት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ስለ ምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ። ያኔ ድምፄን ዝቅ አላደርግም።